አንድ ስልክ፣ ስልሳ ተማሪ፦ ቴክኖሎጂን በክፍል ውስጥ ስለመጠቀም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እነዚህን ጥያቄዎች መምህራንም ወላጆችም ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሴን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ቴክኖሎጂን ከትምህርት ጋር ማቀናጀት ሲባል ምን ማለት ነው? ኮምፒዩተር ላብ መክፈት ነው?

አይደለም። ላብ ቢኖር ደስ ይላል፣ ግን ላብ ስላለ ብቻ ማስተማሩ አይለወጥም። ቀድሞ በሠራሁበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮቹ እንዳይበላሹ ተብሎ ከካርቶናቸው ሳይወጡ ሁለት ዓመት ከረሙ። በዚያ መሀል ማውስ ነክተው የማያውቁ ልጆች አሥረኛ ክፍልን ጨርሰው ሄዱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ ማቀናጀት የምለው ሌላ ነው። በምታስተምሩት ትምህርት ውስጥ ተማሪ በየዓመቱ የሚደናቀፍበት ቦታ አለ። እናንተ ታውቁታላችሁ። ጠመኔና ቃል ብቻ ያንን ቦታ አላሻግር ሲላችሁ የሚያሻግር መሣሪያ ትፈልጋላችሁ፣ በቃ።

የእኔን ልንገራችሁ። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። «አክስለሬሽኑስ?» ስል ክፍሉ በሙሉ «ዜሮ!» ይለኛል፤ በየዓመቱ። የመሬት ስበት ግን ጫፍ ላይም አይለቀውም፣ ያው 9.8 ነው። አንድ ቀን ተማሪ እንዲወረውር አድርጌ በስልኬ ስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። ከዚያ ቪዲዮውን እያስኬድኩ፣ እያቆምኩ፣ ኳሱ ያለበትን ቦታ ሰሌዳ ላይ በነጥብ በነጥብ አስቀመጥነው። ነጥቦቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ሄዱ፣ ሲወርድ ደግሞ በዚያው ልክ እየተራራቁ መጡ። «ጫፍ ላይ ስበቱ ቢቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አልኳቸው። ከኋላ ወንበር አንዷ «እዛው ተንሳፍፎ ይቀር ነበራ!» አለች። ያቺን መልስ በሰሌዳ ሥዕል ስንት ዓመት ስጠብቃት ነበር።

ትምህርት ቤታችን ምንም የለውም። ከምን ልጀምር?

ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክ። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ስልክ ምን ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ስልኩን ከፍ አድርገው ለሁሉም ለማሳየት ስለሚያስቡ ነው። አይታይም። እኔ ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጬ ሌላ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፣ ስልኩ ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል። የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ከሆነ አሥር ቡድን በአሥራ አምስት ደቂቃ ያዳርሳል። ከአንድ ደቂቃ ከበለጠ ግን ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል።

ካሜራውን አትርሱት። የባዮሎጂ መምህሯ ጓደኛዬ ማይክሮስኮፕ ሲጠፋ የምታደርገውን ልንገራችሁ፦ በጣም ትንሽ የውሃ ጠብታ ሌንሱ ላይ ታስቀምጥና ስልኩን ቀስ ብላ ትገለብጠዋለች። ጠብታዋ ተንጠልጥላ ትቀርና እንደ ማጉያ መነጽር ትሠራለች። የቅጠል ሥር፣ የጨርቅ ክር፣ የጉንዳን እግር ታሳይበታለች። ፎቶ አንስታ ደግሞ ለሌሎቹ ክፍሎች ትወስደዋለች።

ድምፅም አለ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ስፒከር በእረፍት ሰዓት ብቻ ከሚጮህ የእንግሊዝኛ መምህሩ ለሊስኒንግ ቢዋሰው ምን አለበት? ምንባቡን ጎበዝ አንባቢ የሆነ ባልደረባ ስልክ ላይ ይቅረጸው፣ ሁለት ጊዜ ይጫወት፣ ጥያቄው ይቀጥል።

መብራት ሲጠፋስ?

ይጠፋል። እዚህ ዳር ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በተለይ አዲስ ኮንዶሚኒየም በበዛበት አካባቢ ትራንስፎርመሩ አልችል እያለ ነው። ስለዚህ በግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት አታቅዱ። ስልክና ላፕቶፕ ማታ ቤት ሞልታችሁ ኑ። ደህና የሆነ 20 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ አንድን ስልክ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ለአንድ የትምህርት ክፍል መምህራን አንድ ፓወር ባንክ በጋራ መግዛት ይቻላል፣ እኛ እንደዚያ አድርገናል።

ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመጣ ነው። እንደጠፋ ሁሉንም ንቀሉ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ሰኩ። ለዴስክቶፕ ስታቢላይዘር የግድ ነው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ሲገዛ ስታቢላይዘሩን ለሚቀጥለው በጀት ካለ ተከራከሩ።

ኢንተርኔት ውድ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር አለ?

አለ፣ ያውም ብዙ። ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ መጀመሪያ የምመክረው ፌት የተባለውን ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች ናቸው፤ ሥራውን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። አንዱን ሲሙሌሽን አንዴ አውርዳችሁ ካስቀመጣችሁ በብሮውዘር ያለ ዳታ ይከፈታል። ሽቦ ታገናኛላችሁ፣ አምፖል ይበራል፣ ባትሪ ትጨምራላችሁ፣ ብርሃኑ ይጨምራል፤ ምንም አይቃጠልም። ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ፣ ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ግራፍ ይሠራል።

ኪዊክስ የሚባለው መተግበሪያ ደግሞ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያስነብባል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ አሥራ አምስት ሺህ ገደማ መጣጥፍ ብቻ ስላለው ቦታ አይፈጅም። የእንግሊዝኛው ሙሉው ግዙፍ ነው፣ በትምህርት ዓይነት ተቆንጥረው የተዘጋጁትን ውሰዱ። ኮምፒዩተር ላብ ያላችሁ ኮሊብሪ የተባለውን የትምህርት ፕሮግራም ሞክሩ፤ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ከሱ ያነባሉ፣ አንድ ሜጋባይት ሳይወጣ።

ቪዲዮ ስታወርዱ በ360 ጥራት ይበቃል፤ ለስልክ ስክሪን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፣ ፓኬጁ ላይ ግን በደንብ ይታያል። አንድ ሰው ያውርድ፣ ሌላው ዜንደር በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ወይም በፍላሽ ይውሰድ። እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ በየሰኞው እንዲህ እንቀባበላለን።

ገንዘብ ተገኘ እንበል። ፕሮጀክተር ይሻላል ወይስ ቴሌቪዥን?

ክፍላችሁ መጋረጃ ከሌለው ቴሌቪዥን። ቀን ላይ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ የፕሮጀክተር ምስል ይደበዝዛል፣ አቧራውም አያኖረውም። ቴሌቪዥኑ ፍላሽ የሚቀበል ከሆነ ላፕቶፕም አያስፈልገውም። ችግሩ መንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው፣ ስለዚህ ብረት በር ያለው አንድ ክፍል ምረጡና ክፍሎቹ በፕሮግራም ወደዚያ ይምጡ። ፕሮግራሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ካልተለጠፈ ሁለት ጎበዝ መምህራን ብቻ ይጠቀሙበታል።

የፕላዝማው ነገር ከሸፈ አይደል እንዴ? ይሄስ ከዚያ በምን ይለያል?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፣ በመላ አገሪቱ ያለ ዘጠነኛ ክፍል በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ላብ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ ሙከራውን በዓይኑ አየ፣ ይሄን ማንም ሊክደው አይገባም። እኔም ፊዚክስን የወደድኩት ፕላዝማ ላይ ባየሁት የሞገድ ሙከራ ነው።

የጎዳን ሌላ ነገር ነው። ማቆም አይቻልም ነበር። የቴሌቪዥኑ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። የራሳችን መምህር ከጎን ቆሞ ያያል። መግቢያና መውጫ ላይ የነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ የሱ። አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ አልገባኝም» አለ። መምህራችን ወደ ስክሪኑ አየ፣ ወደ ልጁ አየ፣ «በኋላ» አለው። በኋላ ደወል ተደወለ።

ስለዚህ ዛሬ ማንኛውንም አዲስ መሣሪያ ሳይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጅ እጁን ሲያወጣ ይሄን ነገር ማቆም እችላለሁ? ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ አቆመዋለሁ፣ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ ከፈለግኩም ዘግቼው ጠመኔ አነሣለሁ። በቀጥታ ስርጭት የሚመጣ ትምህርት፣ ራሱ እየመራ የሚሄድ መተግበሪያ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፓወር ፖይንት፣ እነዚህ ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ። የሚያስተምረው ሰው እጅ ላይ ማቆሚያው ከሌለ ያ ሰው ከጎን ቆሞ የሚያይ ይሆናል።

ቪዲዮዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ተማሪዎቼ ደግሞ አይከተሉትም። ምን ላድርግ?

ድምፁን ዝጉት። የምሬን ነው። ምስሉ ይሂድ፣ እናንተ ተናገሩ። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ጥሯቸው፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና፤ ማብራሪያው ግን ልጁ በሚገባው ቋንቋ ይሁን። እኛ አካባቢ አማርኛም ኦሮምኛም ቤታቸው የሚናገሩ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የገባውን ለጎኑ በራሱ ቋንቋ ሲያስረዳ አልከለክልም፣ እንዲያውም ለዚያ ሁለት ደቂቃ እሰጣለሁ። ድምፅ መዝጋት ሌላም ጥቅም አለው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የትኛውም ስፒከር አይሰማም።

የራሳችሁን ጽሑፍ በአማርኛ ስታዘጋጁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዱሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሃንድአውት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ምልክት ብቻ ይሆናል፣ ስንት መምህር የዓመት ሥራውን እንዲህ አጥቷል። በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒዩተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት ጻፉ። ስልክ ላይ ያሉት የአማርኛ ኪቦርዶች በዩኒኮድ ናቸው፣ ኮምፒዩተር ላይ ኪማን የተባለው መጻፊያ በነፃ ይገኛል። ለማስተላለፍ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉት።

የመማሪያ መጽሐፍ አልደረሰንም። ፒዲኤፉ አይበቃም?

ከምንም ይሻላል፣ መጽሐፍን ግን አይተካም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የታተመው መጽሐፍ ሳይዳረስ ፒዲኤፉ በየቴሌግራሙ ተሠራጨ፤ ልጆች በተሰነጣጠቀ ትንሽ ስክሪን ሁለት መቶ ገጽ እያንቀሳቀሱ ሲያነቡ አይቻለሁ። ዓይንም ያደክማል፣ ዳታም ባትሪም ይበላል፣ ስልኩ ደግሞ የእናት ነው።

የሚሠራው መንገድ ምዕራፉን መቁረጥ ነው። የዚህን ሳምንት ስድስት ገጽ ብቻ ለይታችሁ ላኩ። መልመጃዎቹን ደግሞ በአንድ ወረቀት አሳትማችሁ ለአንድ ዴስክ አንድ ኮፒ አድርሱ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ለብዙ ገጽ ዋጋ ቀንስ ብትሉት ይቀንሳል፣ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እምቢ አይልም።

የቴሌግራም ግሩፕ ልክፈት? እንዴትስ ላስተዳድረው?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም ወደ ቴሌግራም ሮጥን። ያን ጊዜ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይጽፋል፣ በሦስተኛው ቀን ወርክሺቱ በስቲከር ሥር ይቀበራል። ቻናል ላይ የምትለጥፉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ለጥያቄ የተለየ ግሩፕ ይኑር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይዘጋ። መምህርም ያርፋል፣ ልጅም ይተኛል።

የኩዊዝ ምርጫውን ተጠቀሙበት። ማታ ሦስት ጥያቄ እለጥፋለሁ፣ ጠዋት ስንት ሰው የቱን እንደመረጠ አያለሁ። አብዛኛው የተሳሳተው ጥያቄ የዚያ ቀን ትምህርቴ መነሻ ይሆናል። ይሄ ወርክሺት ከመላክ በላይ ጠቅሞኛል። ማርክ ግን አልሰጥበትም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እመጣበታለሁ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የተማሪ ውጤት በስም ዝርዝር አትለጥፉ፣ ፎቶአቸውንም ወላጅ ሳይፈቅድ አታውጡ። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1321 ነው። አዋጁ ባይኖርም 28 ከመቶ ያመጣች ልጅ ስሟን ሰፈር ሁሉ ማየት የለበትም። ሁለተኛው፣ ሁሉንም ነገር ቴሌግራም ላይ ብቻ አታስቀምጡ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ተገድቦ ነበር፣ ቪፒኤን የማያውቁ ወላጆች በዚያ ጊዜ ምንም ሳያገኙ ከረሙ። ኮፒውን ፍላሽ ላይ ያዙ።

ስልክ የሌለው ተማሪስ ምን ይሁን?

እዚህ ላይ እልኸኛ ነኝ። ስልክ የሚጠይቅ ሥራ ላይ ማርክ አይሰጥም፤ በቃ። የእኔ ክፍል ውስጥ የሕንፃ ግንባታ ጥበቃ የሆነ ሰው ልጅ አለ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ስማርት ስልክ የአባቱ ነው፣ አባቱ ደግሞ ማታ ሥራ ይዞት ይሄዳል። ልጁ ጠዋት አባቱ ሲመለስ፣ ደብተሩን ከመያዙ በፊት፣ የላክሁትን ኖት በእርሳስ ገልብጦ ይመጣ ነበር። ይሄን ያወቅሁት በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር «ሰነፍ ነው፣ ኩዊዝ አይሠራም» እያልኩ ነበር። ያንን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ስለዚህ ዓመቱ ሲጀመር ወረቀት አዙሩና ጠይቁ፦ ቤታችሁ ስልክ አለ? የማን ነው? በስንት ሰዓት ታገኙታላችሁ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ስልክ አለ የሚል ልጅ ሁሉ ስልክ አያገኝም። ሴቶቹ ላይ ይብሳል። ማታ ስልኩ ሲለቀቅ ወንድሟ ይይዘዋል፣ እሷ ወጥ ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ጠዋት የክፍሉ ግድግዳ ላይ በወረቀት ይለጠፍ። እኔ ጋ ይሄን የሚሠራ ተረኛ ተማሪ አለ።

ተማሪዎች ስልክ ይዘው ይግቡ ወይስ ይከልከል?

ይከልከል። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ሪፖርቱ ስማርት ስልክን በትምህርት ቤት የከለከሉ አገሮች ከአራት አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ጽፎ ነበር፤ እዚያው ላይ ግን አንዴ ሐሳቡ የተበተነ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ ሃያ ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ይናገራል። የእኛ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። አንድ የቲክቶክ መልእክት ግማሹን ወሰደው ማለት ነው።

ደግሞ ስልክ ያለውና የሌለው አንድ ክፍል ውስጥ መለየቱ ያሳዝናል። ለአንድ የተለየ ትምህርት ሲፈለግ በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ፣ ለዚያ ቀን ብቻ፣ ለቡድን አንድ ስልክ ይግባ። ሲያልቅ ዩኒት ሊደሩ ጋ ይቀመጥ።

ለሁሉም ተማሪ ታብሌት ቢሰጥ አይሻልም?

በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላይ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። መምህር የለም፣ ማብራሪያ የለም፤ ታብሌቶችን ከሶላር ቻርጀር ጋር ለትንንሽ ልጆች ሰጥቶ ምን እንደሚሆን አየ። ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እየዘመሩ ነበር፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራም አስከፈቱት። ይሄን ስሰማ ኮራሁ። የኛ ልጆች እንዲህ ናቸው።

ግን ካሜራ መክፈት አንድ ነገር ነው፣ ክፍልፋይ መረዳት ሌላ። ታብሌት ሲታደል የሚረሳው ነገር ማን ይጠግነዋል፣ ማን ቻርጅ ያደርገዋል፣ ስክሪኑ ሲሰበር ድሃዋ እናት ትከፍላለች ወይ የሚለው ነው። ስልሳ ታብሌት ከሚታደል ሃያ ተገዝቶ ለሦስት ልጅ አንድ ቢሆን እመርጣለሁ። ሦስቱ ስክሪኑ ላይ ሲከራከሩ ብዙ ይማራሉ። ሲያልቅ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ለክረምት ስታስቀምጡት ባትሪውን ግማሽ አድርጋችሁ አጥፉት፤ ባዶውን ከከረመ ላይነሣ ይችላል።

አንጋፋ መምህራን አይቀበሉትም። እንዴት ላሳምናቸው?

ከማሳመን በፊት እነሱ ምን እንዳላቸው እዩ። እኛ ጋ ጡረታ የደረሱ አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰሌዳ ላይ ልብን በአራት ከለር ጠመኔ እየሣሉ፣ ደሙ የሚሄድበትን እየተከተሉ ሲያስተምሩ ከየትኛውም አኒሜሽን ይበልጡ ነበር። ስልክ አልወድም ይላሉ። አንድ ቀን አስፈቅደን እጃቸውንና ሰሌዳውን ብቻ በስልክ ቀረጽን። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ቪዲዮውን ስናሳያቸው ዝም ብለው አዩት፣ ከዚያ «የኩላሊቱንስ መቼ ነው?» አሉ። አሁን እሳቸው የሉም፣ አዲሱ መምህር በየዓመቱ እሱን ቪዲዮ እያቆመ ያስተምርበታል።

ተማሪዎቼ አሳይመንት በቻትጂፒቲ እያሠሩ ያመጣሉ። ምን ላድርግ?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ይሄ የሁላችንም ራስ ምታት ሆኗል። ጽሑፍ በማሽን መጻፉን እንለያለን በሚሉ ድረገጾች አትመኑ፤ ይሳሳታሉ፣ ንጹሕ ልጅ ያስወነጅላሉ። እኔ አሳይመንቱን ራሱን ቀየርኩ። «ስለ ታዳሽ ኃይል ጻፍ» ካልኩ ማሽኑ ይጽፈዋል። «ቤታችሁ ያሉትን አምፖሎች ቁጠር፣ ዋታቸውን አንብብ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚበሩ እናትህን ጠይቅና የወሩን ኪሎ ዋት ሰዓት አስላ፣ ከቆጣሪው ጋር አስተያየው» ስል ግን ቆጣሪውን ማየት ያለበት ልጁ ነው። ስሌቱ ላይ ማሽን ቢረዳውም ቁጥሩ የቤቱ ነው።

ሌላው የቃል ጥያቄ ነው። ያመጣውን ወረቀት ይዤ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቴን አደርግና «ይሄን በራስህ አነጋገር ንገረኝ» እላለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለስልሳ ልጅ በአንድ ቀን አይደርስም፣ ስለዚህ በዕጣ አሥር ልጅ እጠራለሁ፤ ማን እንደሚወጣለት ስለማይታወቅ ሁሉም አንብቦ ይመጣል። ከማሽን ተገልብጦ ቢሆን እንኳ ተረድቶት ከመጣ ተምሯል፣ እኔ በዚያ አልጣላም።

እኔ መምህሩስ ለዕቅድና ለፈተና ብጠቀምበት ነውር ነው?

ምንም ነውር የለውም። በአንድ ርዕስ ላይ ሃያ የምርጫ ጥያቄ ያወጣላችኋል፣ ከሃያው ስምንቱን ትወስዳላችሁ። ግን መልሱን ራሳችሁ ሥሩት። በእርግጠኛ አነጋገር የተሳሳተ መልስ የሰጠኝ ጊዜ ብዙ ነው። በአማርኛ ስትጠይቁት ይበልጥ ይሳሳታል፤ ቃል ይፈጥራል፣ የኛን ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ ጋር ያደባልቃል፣ የኛን ሰዓት ስድስት ሰዓት ያዛንፈዋል። ስም፣ ዓመት ምህረትና ቁጥር ሁሉ ከመጽሐፉ ጋር ይመሳከር። የተማሪዎቻችሁን ስምና ውጤት ደግሞ እዚያ ላይ አትጻፉ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በኦንላይን እየሆነ ነው። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ እንዴት ይዘጋጅ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፣ የኦንላይኑ ድርሻም እየሰፋ ነው። ይሄ ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ነው። ፊዚክሱን የሚያውቅ ልጅ ማውስ ስለማያውቅ ሊሸነፍ አይገባም። ዩኒቨርሲቲ ደርሶ፣ እዚያ ሰዓት ቆጣሪው እየሮጠ፣ ወደ ታች ማንሸራተት ጠፍቶት የጥያቄውን ግማሽ ሳያይ የሚመልስ ልጅ ይኖራል ብዬ እፈራለሁ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ማውስ መያዝ፣ መልስ መምረጥና መቀየር፣ ወደሚቀጥለው ማለፍና መመለስ፣ ምንባብ ስክሪን ላይ አንብቦ ስሌቱን ወረቀት ላይ መሥራት። ይሄኛው መለማመድ ይፈልጋል፣ ዓይን ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲመላለስ ቁጥር ይሳሳታል። ስድስት ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል ባይ ነኝ። የዱሮ ፈተና ኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ፣ ሰዓት ተይዞ ይሥሩት።

እኛ ባለፈው ዓመት በዘጠኝ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ጀመርነው። ለአንድ ኮምፒዩተር ሦስት ልጅ ስናስቀምጥ ማውሱ ሁልጊዜ ወንዶቹ እጅ ላይ ይቀር ነበር፣ ሴቶቹ ጎን ተቀምጠው መልሱን ይነግሯቸዋል። በሁለተኛው ቅዳሜ በየአሥር ደቂቃው ማጨብጨብ ጀመርኩ፣ ሲጨበጨብ ማውሱ ወደ ቀኝ ያልፋል። በአራተኛው ቅዳሜ ማጨብጨቡን ረስቼው ነበር፤ አንዷ ተማሪ ራሷ አጨበጨበችና ማውሱን ከጎኗ ተቀበለች።